ባለ ሦስትና ባለ አራት አባል የኦክስጅን ቀለበት በአንድ ፍላስክ፦ ድሬ ላይ የትኛው ያዋጣል?

#1 ሳቢያን_ልጅ

ሰላም ለመድረኩ ሰዎች። የመመረቂያ ፕሮጀክቴ ርዕስ ጸድቋል፤ መንገዱ ግን ገና አልተቆረጠም። አድቫይዘሬ የሰጡኝ ገደብ ይሄ ነው፦ ቀለበቱ ትንሽ ይሁን፣ ከአባላቱ አንዱ ኦክስጅን ይሁን፣ ሥራው ተጀምሮ እስኪያልቅ ከአንድ ፍላስክ አይውጣ። መሃል ላይ ማጣራት፣ ማድረቅ፣ መመዘን የለም።

ስቶራችን ውስጥ ያለውን ልንገራችሁ። ሳይክሎሄክሲን (ድርብ ቦንድ ያለው ባለ ስድስት ካርቦን ቀለበት) አለ፤ ጠርሙሱ መቼ እንደተከፈተ ግን አልተጻፈበትም። ኤንቢኤስ (ብሮሚን የሚያቀብል ሪኤጀንት) አለ። ኦክሶን (ኦክስጅን የሚያቀብል ጨው) አለ፣ አሴቶን ሞልቷል፣ ባይካርቦኔትና ኮስቲክ ሶዳ አሉ። ለኤክስትራክሽን ዳይኢታይል ኢተርና ኢታይል አሲቴት አለን። ኦክስጅን ለማቀበል የተለመደው ኤምሲፒቢኤ የለም፤ ይገዛ ቢባል እኔ ተመርቄ ከወጣሁ በኋላ ነው የሚደርሰው። ኤፍቲአይአሩ (የኢንፍራሬድ ስፔክትሮሜትሩ) ይሠራል። ኤንኤምአር (የሞለኪዩሉን አወቃቀር የሚያሳየው መሣሪያ) ከተፈለገ ናሙናው አዲስ አበባ መሄድ አለበት።

ሦስት መንገድ አስቤያለሁ። አንዱ ከሳይክሎሄክሲን ተነስቶ በብሮሞሃይድሪን በኩል ኢፖክሳይድ፣ ማለትም ባለ ሦስት አባሉን፣ መሥራት። ሁለተኛው ኦክሶንና አሴቶን። ሦስተኛው ከኪቶን ተነስቶ ኦክሴቴን ላይ መድረስ፣ ማለትም ባለ አራት አባሉ። እውነቱን ለመናገር ልቤ ሦስተኛው ላይ ነው። የምሠራው ሰኔ ላይ ነው፤ የድሬን ሰኔ ደግሞ ታውቁታላችሁ። ምን ትመክሩኛላችሁ?

#2 አቦ_ቀዝቀዝ

ሁሉንም ፍላስክ ውስጥ ጨምሪና ማግኔቱን አስጀምሪው አቦ! ዋን ፖት (በአንድ ፍላስክ መሥራት) ማለት እሱ አይደል እንዴ?

#3 ጋሽ_ፍላስክ

ፉል እንኳ ዘይቱ መጨረሻ ላይ ነው የሚገባው ልጄ። አንድ ፍላስክ ማለት አንድ ጊዜ ማለት አይደለም። ሁሉም ነገር ከመጀመሪያው አብሮ ገብቶ አንዱ ሪአክሽን ሌላውን እየጎተተ የሚሄድበት አለ። ተራ በተራ የሚጨመርበትም አለ፤ ፍላስኩ አይቀየርም፣ ገቢው ግን ወረፋ ይጠብቃል።

የልጅቷ የመጀመሪያ መንገድ ባለ ወረፋው ነው። ሳይክሎሄክሲኑ ውሃ ባለበት አሴቶን ውስጥ ከኤንቢኤስ ጋር ይገናኛል። ብሮሚኑ በአንደኛው ፊት፣ ከውሃው የመጣው ኦኤች በተቃራኒው ፊት ይቀመጣል። ትራንስ ብሮሞሃይድሪን የሚባለው ይሄ ነው። ኤንቢኤሱ ተበልቶ ካለቀ በኋላ ኮስቲክ ሶዳው ይገባል። ቤዙ ከኦኤቹ ላይ ፕሮቶን ይነጥቃል፤ ኦክስጅኑ ብሮሚን የተሸከመውን ካርቦን ከጀርባው ይመታዋል፤ ብሮሚኑ ለቆ ይሄዳል፤ ቀለበቱ ይዘጋል። ኮስቲኩን ከኤንቢኤሱ ጋር አብረሽ ብትጨምሪው እርስ በርስ ይበላላሉ፤ አንቺም ሳይክሎሄክሲንሽን እንደያዝሽ ትቀሪያለሽ።

ትራንስ መሆኑ የግድ ነው። ሲስ ቢሆን ኦክስጅኑ ከጀርባ የሚደርስበት መንገድ የለውም። ያኔ ሃይድሮጅኑ ቦታ ይቀይርና ሳይክሎሄክሳኖን ይወጣልሻል፤ ኪቶን እንጂ ኢፖክሳይድ አይደለም።

ዘዴው አዲስ እንዳይመስላችሁ። ፈረንሳዊው ሻርል አዶልፍ ቩርትዝ እ.ኤ.አ. በ1859 ኢታይሊን ኦክሳይድን የሠራው ክሎሮኢታኖል ላይ ፖታሽ ጨምሮ ነው። ሐሳቡ ያው ነው፦ ጎረቤት ካርቦን ላይ ኦኤች አለ፣ ለቆ የሚሄድ ሃሎጅን አለ፣ ቤዝ ይገባል፣ ይዘጋል።

አንድ ነገር ግን አሁኑኑ ልበል። ያ ቀን ያልተጻፈበት የሳይክሎሄክሲን ጠርሙስ አይነካ። ሳይክሎሄክሲን አየር እያገኘ ሲቀመጥ ፐርኦክሳይድ ይሠራል። የእኛ ስቶር ደግሞ ከሰዓት በኋላ ምድጃ ነው። ክዳኑ አካባቢ ክሪስታል ነገር ካየሽ ለመክፈትም አትሞክሪ፣ ለኃላፊው ንገሪ። ንጹሕ ቢመስልም ሳይመረመር ዲስቲል አይደረግም።

#4 የጀጎል_መምህር

ጋሽ ፍላስክ እንዳሉት ነው። እኔ ስለ ቀለበቱ ራሱ ትንሽ ልጨምር፤ ምርጫው እዚያ ላይ ነው የሚወሰነው።

ካርቦን አራት ነጠላ ቦንድ ሲይዝ የሚመቸው ማዕዘን 109.5 ዲግሪ ነው። ባለ ሦስት አባሉ ኢፖክሳይድ ውስጥ ወደ 60 ዲግሪ ይጨመቃል። በዚህ የተነሳ ቀለበቱ ውስጥ ወደ 114 ኪሎጁል በሞል የሚሆን ውጥረት ይቀመጣል። ባለ አራት አባሉ ኦክሴቴን ይሻላል ብለሽ ታስቢ ይሆናል፤ እሱም 107 አካባቢ ነው። ባለ አምስት አባሉ ቴትራሃይድሮፉራን ላይ ስትደርሺ ነው ወደ 25 ገደማ የሚወርደው።

ታዲያ ሦስቱና አራቱ በውጥረት ከተቀራረቡ ኢፖክሳይድ ለምን ቶሎ ይዘጋል፣ ኦክሴቴን ለምን ያስቸግራል? ጉዳዩ ርቀት ነው። ኢፖክሳይድ ሲሠራ ኦክስጅኑና የሚመታው ካርቦን ጎረቤት ናቸው፤ መፈላለግ የለም። ኦክሴቴን ላይ መሃላቸው አንድ ካርቦን ተጨማሪ ገብቷል። ሰንሰለቱ መታጠፍ አለበት፤ ታጥፎ የሚደርስበት ቦታ ደግሞ ያው የተጨነቀ ነው። እስኪታጠፍ ድረስ ሌሎች ሪአክሽኖች ይቀድሙታል። ኤች-ቢአር ወጥቶ ድርብ ቦንድ ይቀራል፣ ወይም ሞለኪዩሉ መሃል ላይ ይሰበራል።

ስለዚህ ለዲግሪ ፕሮጀክት ባለ ሦስት አባሉን እመርጣለሁ። ኦክሴቴን ላይ መፍረድ ግን አልፈልግም። ታክሶል የሚባለው የካንሰር መድኃኒት ውስጥ ባለ አራት አባል የኦክስጅን ቀለበት አለ። መድኃኒት ሠሪዎችም ይወዱታል።

#5 ሳቢያን_ልጅ

መምህር፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ጋሼ፣ ጠርሙሱን ዛሬ ለስቶር ኃላፊው ነግሬአለሁ፤ ለብቻ አስቀምጠውታል።

ኦክሴቴኑን ግን እንዲህ በቀላሉ አልተውም 😀 ኪቶን ላይ ሁለት ጊዜ ሲኤች2 የሚጨምር ዘዴ አለ ይባላል። መጀመሪያ ኢፖክሳይድ፣ ቀጥሎ እዚያው ፍላስክ ውስጥ ኦክሴቴን። ይሄ ከሆነ የሰንሰለት መታጠፍ ችግሩ ይቀራል ማለት አይደለም?

#6 ኦክሴቴን_ወዳጅ

አለ እንጂ! ሐሮማያ ላይ ማስተርሴን ስሠራ ስለሱ ሴሚናር አቅርቤ ነበር። መነሻው የኮሪና የቻይኮቭስኪ ሪአክሽን ነው፣ የ1960ዎቹ ሥራ። ኤሊያስ ኮሪ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1990፣ ኖቤል ያገኙት ናቸው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ትራይሜታይል ሰልፎክሶኒየም አዮዳይድ የሚባል ነጭ ጨው አለ። ጠንካራ ቤዝ ሲያገኘው ኢሊድ ይሆናል። ያ ኢሊድ ኪቶኑን ይመታና ሲኤች2 ያስረክባል፤ ኦክስጅኑ ዞሮ ይዘጋዋል፤ ኢፖክሳይድ ይወጣል። ዲሜታይል ሰልፎክሳይድ ደግሞ ተለይቶ ይሄዳል። ኢሊዱ ከተረፈ እዚያ አይቆምም። ራሱን ኢፖክሳይዱን ከጫፉ ይከፍተዋል፣ ሌላ ሲኤች2 ይጨምርለታል፣ መልሶ ሲዘጋ ባለ አራት አባል ይሆናል። ጃፓናውያን ኬሚስቶች እ.ኤ.አ. በ1983 ያወጡት ከኪቶን በአንድ ፍላስክ ኦክሴቴን የመሥራት ዘዴ ይሄ ነው። ቤዙ ፖታሲየም ተርት-ቡቶክሳይድ፣ ሶልቨንቱ ተርት-ቡታኖል፣ ሙቀቱ 50 ዲግሪ አካባቢ።

መታጠፉን በተመለከተ፦ አይቀርም። ሁለተኛው እርምጃ ከመጀመሪያው በጣም ቀርፋፋ የሆነው በሱ ምክንያት ነው። ኢፖክሳይዱ ቶሎ ይደርሳል፤ ኦክሴቴኑን ግን ቁጭ ብለሽ ትጠብቂዋለሽ።

ወጥመድም አለው። ኪቶንሽ አጠገቡ ድርብ ቦንድ ካለው፣ ለምሳሌ ቻልኮን ከሆነ፣ ይሄ ኢሊድ ኦክስጅኑን ትቶ ድርብ ቦንዱን ይመታል። የሚወጣው ሳይክሎፕሮፔን ነው፤ ቀለበት ነው፣ ኦክስጅን ግን የለበትም። ወንድሙ የሰልፎኒየም ኢሊድ ከሆነ ደግሞ ወደ ኢፖክሳይድ ያደላል።

#7 ጋሽ_ፍላስክ

ኬሚስትሪው ልክ ነው፣ አልከራከርም። ጥያቄዬ ሌላ ነው። ጨው የለም። ተርት-ቡቶክሳይዱም በዝርዝሯ ውስጥ የለም። እርጥበት የነካው ቡቶክሳይድ ደግሞ ኮስቲክ ፖታሽ ነው፣ ሌላ ስም የለውም። መብራት በሚቆራረጥበት ሰፈር ውስጥ 50 ዲግሪ ላይ ሌሊቱን ሙሉ የሚቆይ ሪአክሽን ማን ይጠብቃል?

ደግሞ አንዳንድ ወረቀት ላይ ቤዙ ሶዲየም ሃይድራይድ፣ ሶልቨንቱ ዲሜታይል ሰልፎክሳይድ ተብሎ ታገኙታላችሁ። እነዚህ ሁለቱ አብረው ሲሞቁ ከቁጥጥር ወጥተው አደጋ ያደረሱባቸው ላቦች አሉ። ለዲግሪ ተማሪ አይሆንም። ጨርሻለሁ።

#8 ኦክሴቴን_ወዳጅ

ጋሼ፣ እሱን እቀበላለሁ። ሶዲየም ሃይድራይድ እኔም አልመክርም። ፕሮፖዛሉ ላይ ግን "ወደፊት የሚሠራ" ብላ ትጥቀሰው።

#9 ቀፊራ_ጁስ

ሰላም። እኔ ኬሚስት አይደለሁም፣ ባዮሎጂ ነኝ። ቤተሰቦቼ ጁስ ቤት አላቸው፤ በየቀኑ የብርቱካን ልጣጭ በጆንያ እንጥላለን። ልጣጩ ውስጥ ያለው ዘይት ድርብ ቦንድ አለው ተብለን ተምረናል። ለሳይክሎሄክሲኑ ምትክ አይሆንም?

#10 የጀጎል_መምህር

ወላሂ ይሄ የክሩ ምርጥ ሐሳብ ነው።

የብርቱካን ልጣጭ ዘይት ከ90 በመቶ በላይ ሊሞኒን ነው። ሊሞኒን ሁለት ድርብ ቦንድ አለው። አንዱ ቀለበቱ ውስጥ ነው፣ ሦስት የካርቦን ጎረቤት አለው። ሌላው ከቀለበቱ ውጪ ተንጠልጥሏል፣ ጎረቤቱ ሁለት ብቻ ነው። ኦክስጅን አቀባዩ ሪኤጀንት ኤሌክትሮን የበዛበትን ይወዳል፤ ጎረቤት የበዛበት ድርብ ቦንድ ደግሞ በኤሌክትሮን ይበልጣል። ስለዚህ ቀለበቱ ውስጥ ያለው ይቀድማል። የሚወጣው ሊሞኒን ኦክሳይድ ነው፤ ሽታው ራሱ ሎሚና ናና የተቀላቀለበት ነገር አለው።

ከዚህ ተነስቼ ሁለተኛውን መንገድ፣ ኦክሶንና አሴቶንን፣ ነው የምመርጥላት። ኦክሶኑ አሴቶኑን ይዞ ዲሜታይል ዲኦክሲሬን የሚባል ነገር ይሠራል። ይሄ ራሱ ባለ ሦስት አባል ቀለበት ነው፣ አንድ ካርቦንና ሁለት ኦክስጅን። አይወጣም፣ አይጠራቀምም፤ እዚያው እንደተሠራ አንዱን ኦክስጅን ለሊሞኒኑ ይሰጥና መልሶ አሴቶን ይሆናል። አሴቶኑ ሶልቨንትም ነው፣ ሥራውን የሚያቀላጥፈውም እሱ ነው። ከዚህ የበለጠ ዋን ፖት ከየት ይመጣል?

#11 ሳቢያን_ልጅ

ልቤ ከኦክሴቴን ወደ ብርቱካን ዞረ መሰለኝ 😀 ባይካርቦኔቱ ለምንድነው? ኦክሶኑስ ስንት ይሁን?

#12 ጋሽ_ፍላስክ

ባይካርቦኔቱ ጠባቂ ነው። የኦክሶን ውሃ አሲድ ነው፤ ኢፖክሳይድ ደግሞ አሲድ አይችልም። የሊሞኒኑማ ባሰ፤ አሲድ ካገኘ ይከፈትና ውሃ ጨምሮ ዳዮል (ሁለት ኦኤች ያለው) ይሆናል። የደከምሽበት ቀለበት እዚያው ፍላስኩ ውስጥ ይበተናል ማለት ነው። ወደ ላይ ማብዛትም ጥሩ አይደለም። ፒኤቹ ከ9 በላይ ሲሄድ ኦክሶኑ ራሱን መጨረስ ይጀምራል። ከ7 ተኩል እስከ 8 አካባቢ ያዢው። ኦክሶኑን ውሃ ውስጥ አሟሚና በጠብታ አስገቢ፣ በየመሃሉ በፒኤች ወረቀት እዪ።

ባይካርቦኔትና አሲድ ሲገናኙ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣል። ፍላስኩ በፍጹም በክዳን አይታሸግ።

የኦክሶኑን መጠን በሚመለከት ብዙ ተማሪ የሚሳሳትባት ነገር አለች። ጠርሙሱ ላይ ሞለኪዩላር ክብደት 615 አካባቢ ተብሎ ተጽፏል። ኦክሶን ግን ሦስት ጨው አንድ ላይ ነው፤ በዚያ 615 ግራም ውስጥ ሥራውን የሚሠራው ፐርኦክሲሞኖሰልፌት ሁለት ሞል ነው። ስለዚህ ለአንድ ሞል ድርብ ቦንድ 307 ግራም ይበቃል። 10 ሚሊሞል ሊሞኒን 1.36 ግራም ነው፤ ለሱ 3.07 ግራም ኦክሶን እኩል ለእኩል ነው። 615ቱን ይዘሽ ካሰላሽ እጥፍ ጨመርሽ ማለት ነው። ሌላ ሞለኪዩል ላይ ቢሆን ግድ የለም። ሊሞኒን ላይ ግን ትርፉ ውጪ ያለውን ድርብ ቦንድ ይበላና ባለ ሁለት ኢፖክሳይድ ታገኛለሽ። ከእኩሉ ትንሽ ከፍ አድርገሽ ጀምሪ፤ ኦክሶኑም ሲቆይ ጉልበቱ ይቀንሳል። ቲኤልሲ (ቀጭን ንብርብር ክሮማቶግራፊ) እያየሽ ነው የምትጨምሪው።

#13 ሒሳብ_ይቅደም

ደስታችሁን ማበላሸት አልፈልግም፤ "ግሪን ኬሚስትሪ" ብላችሁ እንዳትጽፉ ነው የመጣሁት። ሞለኪዩሉ ላይ የሚጨመረው አንድ ኦክስጅን ነው፣ 16 ግራም በሞል። ለሱ ተብሎ 307 ግራም ዱቄት ይገባል። የቀረው ወደ 290 ግራም ሁሉ የፖታሲየም ሰልፌት ዘር ሆኖ ወደ ቆሻሻ ይሄዳል። ባይካርቦኔቱን አልቆጠርኩትም። ሮጀር ሼልደን በ1990ዎቹ መጀመሪያ ላይ ኢ-ፋክተር ያሉት ይሄንኑ ነው፤ ለአንድ ኪሎ ምርት ስንት ኪሎ ቆሻሻ። በሳቸው ሚዛን ይሄ ሪአክሽን ይወድቃል።

ኢንዱስትሪው ኢታይሊን ኦክሳይድን እንዴት እንደሚሠራ እዩ። ኢታይሊንና ኦክስጅን፣ ብር ካታሊስት ላይ፣ ከ200 እስከ 300 ዲግሪ ባለው። ጨው የለም። ቩርትዝ ያደረጉትን የክሎሪን መንገድ የተኩት ለዚህ ነው።

#14 የጀጎል_መምህር

ሒሳቡ ትክክል ነው። "አረንጓዴ" የሚለውን ቃል ከፕሮፖዛሉ ብታወጪው ይሻልሻል።

ነገር ግን ቆሻሻ ሁሉ እኩል አይደለም። ሰልፌት ጨው ነው፣ ውሃ ይወስደዋል። ኤንቢኤሱ ሰክሲኒማይድና ብሮማይድ ይተዋል። ኤምሲፒቢኤ ቢኖር ኖሮ ለእያንዳንዱ ሞል ክሎሮቤንዞይክ አሲድ ታጥቦ መውጣት ነበረበት። ውሃ ብቻ የሚተወው ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ነው፤ እሱ ደግሞ እንደ ቱንግስቴት ያለ ካታሊስት ይፈልጋል።

#15 ጋሽ_ፍላስክ

ፐርኦክሳይድ ከተነሳ ዘንድ ይሄን በትልቁ ጻፉልኝ። ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድና አሴቶን አንድ ዕቃ ውስጥ አይገናኙም። ቆሻሻ ጠርሙስ ውስጥ እንኳ አይገናኙም። የሚወጣው ፈንጂ ነው። "ኦክሶኑ ካለቀ በፐርኦክሳይድ እንተካው" የሚል ብልጥ አይጠፋምና።

#16 አቦ_ቀዝቀዝ

ጋሼ እኔን ነው ያሉት? 😂 እሺ ተቀጥቻለሁ አቦ። ቁም ነገር ልጠይቅ። ከሪአክሽኑ በኋላ በኢተር ነው በአሲቴት የምታወጣው?

#17 ጋሽ_ፍላስክ

አሁን ሰው ሆንክ። ኢተር ድሬ ላይ ሰኔን አይችልም።

መጽሐፉ ዳይኢታይል ኢተር በ34.6 ዲግሪ ይፈላል ይላል። ያ ባሕር ጠረፍ ላይ ነው። ድሬ 1,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ የአየሩ ግፊት ቀንሷል። እዚህ 30 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። ሐሮማያማ 2,000 ሜትር ገደማ ናት፤ እዚያ ከ30ም ይወርዳል፣ ግን አየሩ ቀዝቃዛ ስለሆነ ያስታርቃሉ። ድሬ ላይ ሰኔ ከሰዓት ላቡ 35 ዲግሪ ሲያልፍ ኢተሩ ሴፓራቶሪ ፈነሉ ውስጥ ገና ሳትነቀንቂው መፍላት ይጀምራል። ቡሹን ተፍቶ ፊትሽ ላይ ይረጫል። ውስጡ ያለው ደግሞ ኢፖክሳይድ ነው። ኢፖክሳይድ ከፕሮቲንና ከዲኤንኤ ጋር ይጣበቃል፤ ቆዳ ላይ የሚቀልድ ነገር አይደለም።

ኢታይል አሲቴት ተጠቀሚ፤ መፍሊያው በመጽሐፍ 77 ነው። ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ጀምሪ። ከቀትር በፊት ፈነሉን ጨርሺ።

ሪአክሽኑ ራሱ ከ0 እስከ 5 ዲግሪ ነው የሚፈልገው። በረዶ ከዓሣ ሻጮች ታገኛለሽ። ደቀቅ አድርጊና ውሃ ጨምሪበት፤ በረዶ ብቻውን ፍላስኩን በደንብ አይነካውም። በጣም ካስፈለገ የማእድ ቤት ጨው ጣል አድርጊበት፣ ከዜሮ በታች ይወርዳል። ግን አታብዢው፣ የኦክሶኑ ውሃ ጫፉ ላይ ይረጋብሻል።

#18 ቀፊራ_ጁስ

በረዶ እኛም ጋ አለ። ልጣጩን ስትወስጂ አብረሽ ትወስጃለሽ። ባጃጅ ላይ እስክትደርሺ ግማሹ ውሃ እንዳይሆን ጆንያ ጠቅልይበት።

#19 ውሃ_ልማት

እኔ የምናገረው ስለ ኮንደንሰሩ ነው፤ የልጣጩን ዘይት በእንፋሎት ስታወጡ ነው የሚያገለግላችሁ። የድሬ ውሃ ካልሲየም የበዛበት ነው፤ የሻይ ማንቆርቆሪያችሁን ውስጥ አይታችሁታል። ኮንደንሰሩ ውስጥም ያው ነጭ ቅርፊት ይሠራል፤ ይቀጥልና ማቀዝቀዙን ያቆማል። ቱቦውን ከቧንቧ ላይ አትቀጥሉት። ባልዲ ውስጥ በረዶ ውሃ አድርጉና በትንሽ የዓሣ ማጠራቀሚያ ፓምፕ አዙሩት። ውሃም ይቆጠባል፣ ቧንቧው ቢሄድም ሥራው አይቆምም። የሠራው ቅርፊት በአቼቶ ይለቃል።

#20 ሳሙና_ሠሪ

እኔ ጥያቄ አለኝ። ሳሙና ስንሠራ ግሊሰሪን ይተርፈናል። ግሊሰሪንና አሴቶን ትንሽ አሲድ ጨምሮ ሶልኬታል ይሆናል ይባላል። እሱም ቀለበት አይደል? ሁለት ኦክስጅን አለው፣ ሁሉም ነገር ከመጀመሪያው አብሮ ይገባል፣ ርካሽ ነው። ይሄ ሁሉ ጣጣ ለምን?

#21 የጀጎል_መምህር

ሶልኬታል ባለ አምስት አባል ቀለበት ነው፣ ውጥረት የለውም ማለት ይቻላል። ስለዚህ ለመሥራት ይቀላል፤ እውነትም ርካሽ ነው። ሥራው ውሃውን ማስወጣት ብቻ ነው፤ ሪአክሽኑ ተመላላሽ ስለሆነ ውሃው ካልወጣ ግማሽ መንገድ ላይ ይቆማል። ለእርስዎ ፋብሪካ ቢሆን እሱን እመክር ነበር። የልጅቷ አድቫይዘር ያሉት ግን ትንሽ ቀለበት ነው። እኔ የገባኝ ሦስትና አራት ነው። አምስት ይቆጠራል ካሉ ደግሞ ሰኔን ትገላገላለች።

#22 ሳቢያን_ልጅ

ጠይቄአቸው ነበር። "አምስት አባል ሁሉም ይሠራል፣ የተወጠረውን አምጪ" ነው ያሉት።

እንግዲህ ተወስኗል። ሊሞኒን፣ ኦክሶን፣ አሴቶን፣ ባይካርቦኔት፣ በረዶ። ጥያቄዬ አሁን ማረጋገጡ ላይ ነው። ኤንኤምአሩ እስኪመጣ ድረስ ቀለበቱ መዘጋቱን በምን ላውቅ?

#23 ኦክሴቴን_ወዳጅ

ኤፍቲአይአርሽ ይበቃሻል፣ ሊሞኒን ላይ በተለይ። የንጹሑን ዘይት ስፔክትረም መጀመሪያ አንሺና አስቀምጪ። 887 cm⁻¹ አካባቢ ጠንካራ ባንድ ታያለሽ፤ ውጪ የተንጠለጠለው ድርብ ቦንድ ነው። 798 አካባቢ ደግሞ ደከም ያለ አለ፤ እሱ ቀለበቱ ውስጥ ያለው ነው። ሥራው ከሠራ 798ቱ ይጠፋል፣ 887ቱ ይቆማል። ሁለቱም ከጠፉ ኦክሶን አብዝተሻል። 3400 አካባቢ ሰፊ ጉብታ ከመጣ ቀለበቱ ተከፍቶ ዳዮል ሆኗል፣ ወይም ናሙናው አልደረቀም። መጀመሪያ በሶዲየም ሰልፌት በደንብ አድርቂ፣ ከዚያ ነው መደንገጥ።

ኤንኤምአር ላይ ሁለት ስብስብ ፒክ ብታዪ አትደናገጪ። ኦክስጅኑ ከቀለበቱ በላይም በታችም ሊመጣ ይችላል፤ ሲስና ትራንስ በእኩል ግድም ተደባልቀው ይወጣሉ። ይሄ ሪኤጀንት አይለያቸውም።

#24 የጀጎል_መምህር

አንድ የቆየ የፈተና ዘዴም አለ፣ የሐረር ልጆችን አሳያቸዋለሁ። ኢፖክሳይድ ከሶዲየም ታዮሰልፌት ጋር ሲገናኝ ቀለበቱ ይከፈትና ኮስቲክ ይለቃል፤ ፌኖልፍታሌን ካለ ሮዝ ይሆናል። ነገር ግን ባይካርቦኔት ከቀረበት በውሸት ሮዝ ሊሆን ስለሚችል ናሙናው በደንብ መታጠብ አለበት፣ ባዶ ማነጻጸሪያም ጎን ለጎን ይሠራ። የሊሞኒን ኢፖክሳይድ ደግሞ በካርቦን የታጀበ ስለሆነ ይዘገያል። እንደ ዋና ማስረጃ አትያዢው፤ ፌኖልፍታሌን ስላላችሁ ነው።

ከማጠቡ በፊት ደግሞ የተረፈው ኦክሲዳንት በሶዲየም ሰልፋይት ይጥፋ። አዮዳይድና ስታርች ያለው ወረቀት ካልጠቆረ አልቋል ማለት ነው።

#25 ጋሽ_ፍላስክ

ሲሊካ ኮለም ልታሳልፊው ካሰብሽ ደግሞ፣ ሲሊካ ራሱ አሲድ ቢጤ ነው። ሶልቨንቱ ላይ ትራይኢታይልአሚን ጠብ አድርጊበት። ያለዚያ የዘጋሽውን ቀለበት ኮለሙ ይከፍትልሻል። ጓንት ናይትራይል ይሁን፣ የኦክሶኑን ዱቄት ስትመዝኚ ፋኑን አጥፊ፤ አቧራው ጉሮሮ ይከረክራል።

#26 አቦ_ቀዝቀዝ

እሺ ሁሉም አለቀ። ጆንያ ሙሉ ልጣጭ የሚልጠው ማነው አቦ?

#27 ቀፊራ_ጁስ

እኛ ብርቱካኑን ሳንጨምቀው በፊት በቢላ ነው የምንልጠው፣ ስለዚህ ዘይቱ ልጣጩ ላይ ነው ያለው። ማሽን ውስጥ ሙሉውን የሚያስገቡት ጋ እንዳትሄጂ። ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ነይ፣ ትኩሱን እሰጥሻለሁ። ቅዳሜ ብዙ አለ።

#28 ጋሽ_ፍላስክ

ጎበዝ። ቢጫውን ብቻ ፋቂና ውሰጂ፤ ነጩ ክፍል ውስጥ ዘይት የለም፣ ዝም ብሎ ፍላስኩን ይሞላዋል፣ ሲፈላም አረፋ ያወጣል። የክሌቬንጀሩን (ዘይቱን በእንፋሎት የምታወጪበትን ዕቃ) ቫልቭ ቫዝሊን አትቀቢው፣ ሊሞኒን ያሟሟዋል።

#29 ሳቢያን_ልጅ

ቅዳሜ አንድ ሰዓት ቀፊራ ነኝ። የፓምፑን ዋጋ የሚያውቅ ካለ ይጻፍልኝ።

#30 ውሃ_ልማት

ታይዋን ገበያ ጠይቂ። ትንሹን ውሰጂ፣ ትልቁ የኮንደንሰሩን ቱቦ ይነቅለዋል።